በሽርጥ ሞተር ልነዳ የሄድኩ ዕለት

ዛሬ አንድ ኮሜንት ወደ ድሮ መለሰኝ።

ትናንት እዚህ ገጽ ላይ፣ ለሜዳ ልምምድ የሚወጣ ጀማሪ ነጂ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ሽፍን ጫማ፣ እጅጌው የረዘመ ጃኬትና ረጅም ሱሪ ሳይለብስ መሪ እንዳይነካ ጽፌ ነበር። እንደ ልማዴ ቆጣ ብዬ።

ብዙ ሰው ሼር አደረገው። ደስ አለኝ።

ከዚያ አንዲት ልጅ፣ "ጋሼ ሰይድ፣ ለመሆኑ እርስዎ ሞተር ነድተው ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀች።

አላውቅም።

አንድ ቀን ብቻ ልነዳ ነበር። ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሐይቅ ከተማ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ቶይባ ውጫሌ ታስተምራለች። ልጃችን ዘሀራም እዚያው ተወለደች። ዝውውር ብንጠይቅ "በትዕግሥት ጠብቁ" ተባልን። አውቶቡስ አንዱን ቀን ይመጣል፣ አንዱን ቀን ይቀራል። ልጄን በወር አንዴ ካየኋት ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ለመሥሪያ ቤታችን አንዲት ሞተር መጣች። የመንዳት ፈተና ያለፈ ሰው አምባሰልን እየዞረ ይከትባል፤ ሐሙስ ሐሙስ ውጫሌ ያድራል።

ውጫሌ ማደር! እስቲ አስቡት።

ተፈታኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና ደሳለኝ የሚባል የቄስ ልጅ። ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ በአመድ ክብ መንገድ ተሠመረ። የጀማሪዎች የትጥቅ ደንብ ቀድሞ ከደሴ ደረሰን። ፊደል ብቻዬን የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ በእጅ ጽሑፌ እኮራለሁ። ደንቡን ገልብጬ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

የፈተናው ቀን ዓርብ ዋለ። ጁምዓ ሰግጄ በቀጥታ ሜዳ ወረድኩ። ደሳለኝ በረባሶ ተጫምቶ ቆሟል።

"ሽፍን ጫማ ይላል፤ አታነብም እንዴ?" ብዬ ሊፈትነን ከደሴ በመጣው አሰልጣኝ ፊት ወደ ቤቱ መለስኩት።

እኔ ሄልሜትና ጓንት አጠለቅኩ። ሞተሯ ላይ ልወጣ እግሬን ሳነሳ አሰልጣኙ፣ "ጓድ፣ ቁም" አለ።

ከወገቤ በታች አየኝ።

መስጊድ የሄድኩበትን ሽርጥ እንዳገለደምኩ ነኝ።

አሰልጣኙ ጫፉን በእንጨት ብድግ አድርጎ የኋላውን ጎማ አሳየኝ። "ሰንሰለቱ ይህን ሲጎትተው አንተም አብረህ ትሄዳለህ።"

"ወላሂ አጥብቄ አስረዋለሁ።"

"በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ያምራል" አለ።

ቤቴ ሩቅ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ ለመመለስ ቸኩሏል። በዚህ መሐል ደሳለኝ ጫማ ተውሶ እያለከለከ ደረሰ። አየኝና ሳቀ።

"አብሽር ሰይዶ። እኔ ልንዳና ሱሪዬን አውልቄ እሰጥሃለሁ። እስክትጨርስ ሽርጥህን ታውሰኛለህ።"

እዚህ ላይ "እሺ" ማለት ነበረብኝ።

"የሰው ሱሪ አልለብስም" አልኩ።

ጨዋነት እንዳይመስላችሁ። ኩራት ነበር። አሁን ያባረርኩትን ሰው ሱሪ ማጥለቅ ከሞት በላይ መስሎ ታየኝ።

ደሳለኝ ሜዳውን ዞረ። በደንብ ዞረ። ሞተሯን ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ እነ ቶይባን ጠይቆ ዓርብ ዓርብ ከውጫሌ ሲመለስ መጀመሪያ እኔ ደጅ ይቆማል። ደግ ሰው ነው።

"ዘሀራ ጥርስ አበቀለች።"

"ዘሀራ ያለ ድጋፍ ተቀመጠች።"

"ትናንት ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ በዓይኔ አየኋት።"

ስትስቅ ድምፅዋ ምን እንደሚመስል እጠይቀዋለሁ። መንገድ ላይ ቆሞ ሊያስመስልልኝ ይሞክራል።

አውቶቡስ አግኝቼ ስሄድ ልጄ አይታኝ አለቀሰች፤ እናቷ ጉያ ተወሸቀች። ውጭ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ግን በዳዴ ወደ በሩ ከነፈች። ቶይባ ዓይኔን እየሸሸች፣ "ለምዳው ነው እኮ" አለችኝ።

ትናንት ከጻፍኩት አንድ ቃል አልሰርዝም። ሄልሜቱንም ሱሪውንም ልበሱ። ሱሪ ከሌላችሁና አንድ ሰው አውልቆ ከሰጣችሁ ግን፣ ስለ ፈጣሪ ተቀበሉት።

ዘሀራ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ በየቀኑ ትደውልልኛለች። እኔ የምናፍቀው ግን ግድግዳ ይዛ የቆመችዋን ነው።

እሷን በየትኛው ስልክ ላግኛት?