ለአቶ ወልደ ጊዮርጊስ የተሠራ የእንቁጣጣሽ ካርድ

ገብረ መድህን፦ ሙጫ ላይ ጨው የሚነሰንስ ሰው በየት አገር አይተሽ ታውቂያለሽ?

ተሻለች፦ ጨው ከሌለው ማን ይበላዋል?

ገብረ መድህን፦ የሚበላ ማን አለ? ወረቀት ልንለጥፍበት ነው።

ተሻለች፦ «የፍርኖ ዱቄቱን በውሃ በጥብጠሽ እሳት ላይ አማስዪው፣ እንዳይጓጉል» አልከኝ። እኔ ተማስሎ የማይበላ ነገር አላውቅም።

ገብረ መድህን፦ ቅቤም ያለበት ይመስለኛል። ያብለጨልጫል።

ተሻለች፦ ትንሽ ናት። ለሽታው ብዬ ነው።

(የጳጉሜ ዝናብ የአሰላን ቆርቆሮ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲቀጠቅጥ ውሏል። ገብረ መድህን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ወዲህ ብርዱም፣ ጭቃውም፣ ጭላሎ ተራራ አናት ላይ ተቀምጦ የሚውለው ደመናም አልተስማሙትም። ወደ ናዝሬት ለመዛወር ካመለከተ ከርሟል፤ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ለዓውደ ዓመት በግ እየጎተቱ ወደ ኃላፊው ቤት ሲሄዱ፣ እሱ በእጁ የሠራውን ካርድ ይዞ ሊሄድ ቆርጧል። እንዲህ ያለውን ካርድ አንድ ጊዜ ፒያሳ ላይ በአንድ አርመን ሱቅ መስታወት ውስጥ አይቶታል። ወረቀት በወረቀት ላይ ተደራርቦ የተሠራ፣ ሲገልጡት አበባ ብድግ የሚልበት ነው። ሚስቱ ተሻለች የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት። በእሱ ግምት ደግ ናት፣ ባለሙያም ናት፤ ነገር የሚገባት ግን ዘግይቶ ነው።)

ገብረ መድህን፦ በቃ፣ በዚሁ እንሠራለን። አሁን በጥሞና ስሚኝ። ካርድ እንደ ቤት ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። ሁሉም ነገር የሚያርፈው መደቡ ላይ ነው።

ተሻለች፦ እሱማ እውነት ነው።

ገብረ መድህን፦ እኔ ፎቶግራፉን ከሳጥን እስካወጣ አንቺ መደቡን አረንጓዴ አድርጊልኝ።

(ተሻለች ወጣች። ገብረ መድህን ፎቶግራፉን ፈልጎ እስኪመለስ እርጥብ ሣር ታቅፋ ገብታ ከግድግዳው ሥር ያለውን የጭቃ መደብ ከዳር እስከ ዳር ጎዝጉዛዋለች።)

ገብረ መድህን፦ ይህ ምንድን ነው?

ተሻለች፦ አረንጓዴ ነዋ። የወንዝ ዳሩ ቄጤማ ይሻል ነበር፤ ዝናቡ ከለከለኝ።

ገብረ መድህን፦ እኔ ያልኩሽ የካርዱን መደብ ነው። ከሥር የሚነጠፈውን ወረቀት።

ተሻለች፦ ታዲያ ወረቀት ነው አትለኝም? እኔ ስንሠራ የምንቀመጥበት መስሎኝ።

ገብረ መድህን፦ አንቺን ብሎ ረዳት።

ተሻለች፦ በል ተቀመጥ። ቀስ ብለህ ግን፤ ሣሩ ውሃ ይዟል።

(ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እውነትም ውሃ ይዟል። ከፊቱ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት፣ ልጆች ከጣሉት የተለቀመ የከረሜላ ወረቀት፣ ከልብስ ሰፊው ከሁሴኖ ተለምኖ የመጣ መቀስ ተደርድሯል።)

ገብረ መድህን፦ እይ እንግዲህ። አረንጓዴውን ወረቀት ካርቶኑ ላይ አነጠፍኩ። በላዩ ቢጫውን፣ ትንሽ ጠበብ አድርጌ። ከቢጫው በላይ ደግሞ ብርማው ይመጣል። የእያንዳንዱ ጠርዝ ከሥር ብቅ ማለት አለበት። የዚህ ሥራ ምስጢሩ መደረብ ነው። ገባሽ?

ተሻለች፦ ገባኝ።

ገብረ መድህን፦ እጄ ሙጫ ሆኗል። በይ አንቺ ደርቢ።

ተሻለች፦ ኧረ አልበረደኝም።

ገብረ መድህን፦ ደርቢ ነው የምልሽ።

ተሻለች፦ እሺ፣ አንተ ካልክ።

(ጋቢውን ከምሰሶው ላይ አውርዳ በነጠላዋ ላይ ደረበች። ከዚያ እጇን አጣጥፋ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ጠበቀች።)

ገብረ መድህን፦ ወረቀቱን፣ ተሻለች። ወረቀቱን ነው የሚደረበው።

ተሻለች፦ እውነትህን ነው፤ በአሰላ ብርድ ወረቀትም መደረቡ አይቀርም።

ገብረ መድህን፦ ተይው፣ እኔው አደርገዋለሁ። አንቺ መቀሱን ያዥ። ይህ ለፋሲካ መሥሪያ ቤታችን በሙሉ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ኃላፊውን ቁረጪልኝ።

ተሻለች፦ እኔ?

ገብረ መድህን፦ እጅሽ ከእጄ ይልቅ ይረጋል።

ተሻለች፦ እጄማ ይረጋል። ኃላፊ ቆርጬ የት እገባለሁ?

ገብረ መድህን፦ ከፎቶግራፉ ላይ ነው የምልሽ።

ተሻለች፦ ለምን እንደ ሰው ከነሰዎቻቸው አይቀመጡም? አንተም እኮ አለህበት። ከኋላቸው አፍህን ከፍተህ ቆመሃል።

ገብረ መድህን፦ እያነጠስኩ ነበር። ዝም ብለሽ ቁረጪ።

(ተሻለች በጥንቃቄ ቆረጠች። ሌሎቹ ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ጭኗ ላይ ረገፉ፤ ባሏም አብሯቸው ረገፈ።)

ተሻለች፦ ሌላው ደህና ነው፤ ቦርጫቸውን መዞር ግን መንገድ ሆነብኝ።

ገብረ መድህን፦ ይህን ከቤት ውጭ እንዳትናገሪው። ሰውዬው በቦርጩ የመጣበትን አይምርም። ይህ ፎቶግራፍ የደረሰ ዕለት አንድ ጊዜ አየው፣ መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተው፣ «አንሺው ከታች ወደ ላይ ነው ያነሣኝ» እያለ እስከ ማታ ሲቆጣ ዋለ።

ተሻለች፦ ታዲያ ይህንኑ ልትሰጣቸው ነው?

ገብረ መድህን፦ ሌላ ፎቶግራፍ የለኝም። ደግሞ አበባና ብርማ ሲያጅበው ሌላ ሰው ይሆናል። አንቺ የጥበብ ነገር ስለማይገባሽ ነው።

ተሻለች፦ እሱስ አይገባኝም።

(አበባውን ራሱ ገብረ መድህን ሠራው። ቀዩን የከረሜላ ወረቀት በሐምራዊው ላይ፣ ሐምራዊውን በነጩ ላይ እየደራረበ ጨረሰና ከሥሩ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ወፍራም ወረቀት ለጠፈበት። ጫን አድርጎ ለቀቀው። አበባው ዘሎ ተነሣና ራሱን ነቀነቀ። ገብረ መድህን ለአፍታ ብርዱን ረሳው።)

ተሻለች፦ እንደ ሰዓት ሞላ አለው ማለት ነው።

ገብረ መድህን፦ ዛሬ የተናገርሽው ቁም ነገር ይህ ብቻ ነው። በይ ስሚኝ፣ እኔ ለጽሑፉ ቀይ ቀለም ከጎረቤት ለምኜ ልምጣ። ሰውዬውን በስተግራ ለጥፌዋለሁ። የቀረው አበባው ነው። እሱን እምብርቱ ላይ አድርጊው።

ተሻለች፦ እምብርቱ ላይ?

ገብረ መድህን፦ ልክ እምብርቱ ላይ። አንድ ጣት ወዲያ ወዲህ እንዳይል።

ተሻለች፦ እርግጠኛ ነህ?

ገብረ መድህን፦ ተሻለች፣ ካርዱን ፒያሳ በዓይኑ ያየ እኔ ነኝ አንቺ?

ተሻለች፦ አንተ ነህ።

ገብረ መድህን፦ እንግዲያው የተባልሽውን አድርጊ።

(ሲመለስ ካርዱ ተዘግቶ የወፍጮው መጅ ተጭኖበታል። ልግለጠው ሲል ተሻለች እስኪደርቅ ተው አለችው፤ ነገሩ ልክ ስለነበር ተወው። በሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ» ብሎ ጻፈና ደስ ብሎት ተኛ። በማግስቱ የእንቁጣጣሽ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ሊወጣ ሲል ካርዱን ገለጠው። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ከሆዱ መካከል ትልቅ ቀይ አበባ ዘሎ ወጣና ለገብረ መድህን ራሱን ነቀነቀ።)

ገብረ መድህን፦ ተሻለች።

ተሻለች፦ አቤት።

ገብረ መድህን፦ ይህ አበባ የት ነው ያለው?

ተሻለች፦ እምብርቱ ላይ። ለክቼ ነው።

ገብረ መድህን፦ እኔ ያልኩሽ የወረቀቱን እምብርት ነው። መሃሉን።

ተሻለች፦ ወረቀት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እምብርት ያወጣው?

ገብረ መድህን፦ «እምብርቱ» ነው ያልኩሽ። «እምብርታቸው» አላልኩም።

ተሻለች፦ አንተ አለቃህን እቤት ውስጥ መቼ አንቱ ብለህ ታውቃለህ?

(ገብረ መድህን አበባውን በጥፍሩ ሊያነሣው ሞከረ፤ በቢላ ጫፍም ሞከረ። የኃላፊው ሆድ አብሮ ሊላጥ ሲል ተወው።)

ገብረ መድህን፦ ይህ ሙጫ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የያዘው?

ተሻለች፦ ጨዉ ይሆናል።

ገብረ መድህን፦ አለቀልኝ። ናዝሬት ስል ሰውዬው አቦምሳ በረሃ ይሰደኛል።

ተሻለች፦ አቦምሳ ሞቃት ነው ይላሉ። ባይሆን ባዶ እጅህን ሂድ።

ገብረ መድህን፦ እንዴት አድርጌ? «አሰላ አይታ የማታውቀው ካርድ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ለራሱ ለሰውዬውም ጭምር።

ተሻለች፦ አይታ የማታውቀው መሆኑስ እውነት ነው።

(ሄደ። በየደጁ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ይዘፍናሉ፤ ገብረ መድህን አበባ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ከኃላፊው ቤት በር ላይ የታሰሩት በጎች ሁሉ የሚስቁበት መሰለው። የተመለሰው ፀሐይ አናት ካለፈች በኋላ ነው። ጠጅ ጠጅ ይሸታል፤ ከኮቱ ሥር አንድ ትልቅ ነገር ደብቋል፤ ፊቱ ግን የዓውደ ዓመት ፊት አይደለም።)

ተሻለች፦ እህ፣ ምን አሉ?

ገብረ መድህን፦ እንግዳው ሁሉ ከቧቸው ነበር። ገለጡት።

ተሻለች፦ አንቱ አልካቸው።

ገብረ መድህን፦ አትቁረጪኝ። አበባው ዘሎ ወጣ። እንግዳው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ፋናዬ ካርዱን ተቀበሉ። አቅርበው አዩት፣ ደግሞ አርቀው አዩት። ከዚያ «ወልዴ፣ ቦርጭህ የት ገባ?» አሉ።

ተሻለች፦ አበባው ሸፍኖታላ።

ገብረ መድህን፦ ከደረት በላይና ከጉልበት በታች ብቻ ነው የሚታየው። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ትኩር ብለው አዩ። «እኔ ማለት ይሄ ነኝ። ያ የፎቶ አንሺው ተንኮል ነበር» አሉና ከት ብለው ሳቁ። አሽከሩ ግድግዳው ላይ እንዲሰቅለው ታዘዘ። እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው በእጃቸው አጎረሱኝ።

ተሻለች፦ ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?

ገብረ መድህን፦ በዚያው የዝውውሬን ነገር አነሡት። በሰው ሁሉ ፊት።

ተሻለች፦ ፈቀዱልህ?

ገብረ መድህን፦ «እንዲህ ያለ ሰው መዝገብ ቤት አስቀምጬ ሳላውቅ መኖሬ ያሳፍረኛል» አሉ። «ናዝሬት ለምኖም አያገኘው። እኔ አሰላ እስካለሁ ድረስ ገብረ መድህን ከአጠገቤ አይለይም» አሉ። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ተሻለች፦ አንተም?

ገብረ መድህን፦ ምን ላድርግ? ሁሉም እኔን ነበር የሚያየው።

(ከኮቱ ሥር የደበቀውን አወጣ። ባለ ቆዳ ሽፋን፣ እንደ ዳዊት የወፈረ የፎቶግራፍ አልበም ነው።)

ገብረ መድህን፦ ይህን ሁሉ ለመስቀል በዓል እንዳሳምርላቸው ሰጡኝ። የቤተ ዘመዱ ፎቶግራፍ ነው። አማታቸው ሁለት አገጭ አላቸው፤ እሳቸውም አበባ ይፈልጋሉ። ወንድማቸው ደግሞ መላጣ ነው።

ተሻለች፦ ለእሱስ ቅጠል ይሻለዋል።

ገብረ መድህን፦ እኔ እኮ ከጠሉኝ የምቀር ነበር የመሰለኝ። ጭራሽ ስለወደዱኝ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ተሻለች፦ አባቴ ዲክሲስ ገበያ የሚያወጣው የትኛውን በሬ ይመስልሃል?

ገብረ መድህን፦ ያረጀውን ይሆናላ።

ተሻለች፦ የሚለግመውን ነው። ደህና አድርጎ የሚያርሰውንማ፣ ጎረቤት ሊገዛው ቢለምነው እንኳ ጆሮውን አይሰጠውም።

(ገብረ መድህን አልበሙን ለተሻለች አቀበላትና መደቡ ላይ ተቀመጠ።)

ገብረ መድህን፦ አምና ወደ ናዝሬት የተዛወረው የእኛው ጸሐፊ ይርሳው ነው።

ተሻለች፦ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ጭቃ ውስጥ የጣለው?

ገብረ መድህን፦ እሱ። እንዲያውም ሳይጠይቅ ነው ያዛወሩት።

ተሻለች፦ አየህ።

ገብረ መድህን፦ ይህን ሁሉ ታውቂው ነበር ማለት ነው?

ተሻለች፦ ከብት ካለበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ገብረ መድህን፦ ታዲያ ናዝሬት ለመሄድ ያን ሁሉ ስደክም ለምን አልነገርሽኝም?

ተሻለች፦ (አልበሙን ጭኗ ላይ አድርጋ እየገለጠች) እኔ መቼ ልሂድ አልኩ?