ሁለት ጊዜ የተቀነሰው ዓመት

አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ እንዳሳረፍኩ ቆሜያለሁ። ኮምፒውተሩ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ እንድነግረው ይጠብቀኛል። እኔም እሱን እጠብቃለሁ። ሁለት ሽማግሌ ተፋጥጠናል።

ሆዱ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለችው፤ መብራት ሲጠፋ ቀንና ሰዓት የምትይዝለት እሷ ናት። ከሞተች ቆየች። ስለዚህ ሐዋሳ መብራት በጠፋ ቁጥር የእኛ ኮምፒውተር ወደ ተወለደበት ዘመን ይመለሳል። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ጠጋኝ በአንድ ጎንበስ ቀና ይቀይራት ነበር። ግን የቤተ ክርስቲያን ነገር ታውቁት የለ፤ ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው፣ አዲስ ኮምፒውተር እንዲገኝ በጸሎት እንያዘው አለ። አዲስ እየተጸለየ ለአሮጌው ባትሪ መግዛት ደግሞ እምነት ማጣት ይመስላል። ባትሪዋ ቀረች። በእሷ ቦታ እኔ ገባሁ።

ታቦር ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ጥበቃም ጽዳትም እኔ ነኝ። ጋሽ ላንቃሞ ይሉኛል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አኃዝ ግን አውቃለሁ። ይህንንም የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ ጥቂት እናገራለሁ፣ እሷ «ከዚያስ?» ትለኛለች።

ጸሐፊያችን ምሕረት ማታ ስትወጣ የነገውን ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብጣሽ ወረቀት ላይ ትጽፍልኛለች። ጠዋት ቀድሜ የምገባው እኔ ስለሆንኩ፣ ከፍቼ ቁጥሩን እያየሁ እሞላለሁ። ሰዓቱን ያለ ወረቀት እችለዋለሁ፤ «በእኛ ላይ ስድስት ይጨምሩ» ብላ አስተምራኛለች። ሁለት ሰዓት ከሆነ ስምንት። ይህን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው።

የዚያን ሰኞ ወረቀቱ የለም። ረስታዋለች። ደውለህ አትጠይቃትም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ የአያንቶ የወንድም ልጅ አይደላችሁማ! አጎቴ ኮከብ አይተው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ የሚውልበትን ቀን ከሚቆርጡት አዋቂዎች አንዱ ነበር። ሕዝቡ ለብሶ አጊጦ ለበዓሉ ጉዱማሌ አደባባይ የሚወጣው እሱና ጓደኞቹ ሰማዩን አይተው ሲስማሙ ነው። ባትሪ የላቸው፣ መብራት የላቸው። እኔም በልጅነቴ ባለ አራት ቀኑን የሲዳማ ሳምንት በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ገበያ መቼ እንደሚውል ለእናቴ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጁ ለምትሆን ሴት ደውሎ «ዛሬ ስንት ነው?» ይላል? አይልም። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ያያል።

ካላንደሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው የእኛ ቀን ነው፤ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈው የፈረንጁ። ዓይኔ ደክሟል። ትልቁን ወሰድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ደግሞ ዓይኔ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቢሯችን የእኛ ቀን ቢገባ ምን አለበት ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር። ዓመቱንም ከዚያው ሞላሁ። ኮምፒውተሩ አልተቃወመም። እሱ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

ምሕረት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ትዕግሥት ከተፍ አለች፤ ከመዘምራኑ አንዷ ናት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትመላለስ በሩን የከፈትኩላት ልጅ። ለዲላ ልጅ ታጭታለች። የእጮኛዋ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቤተ ክርስቲያኗ ታምጣ ብለዋል። ደብዳቤው ሳይመጣ ጋብቻው በጉባኤ ፊት አይታወጅም፤ ሳይታወጅ ደግሞ ሠርግ የለም። ድንኳኑ ተይዟል፣ ዘመድ ተጠርቷል። ምሕረት ቶሎ ቶሎ ጻፈች፣ መጋቢ እንደቆሙ ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ። ቀኑን ማንም አላየም። ቀን ማን ያያል? የአገራችን ሰው የሚያየው ማኅተም ነው። ክብና ሰማያዊ ከሆነ ሌላው ትርፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው ተመለሰ። ትዕግሥትም አብራ ተመለሰች፣ ዓይኗ አብጦ።

መጋቢ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ቀኑን ጮክ ብለው አነበቡት። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ! ልጅቷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ባል እንደሌላት በማኅተም አረጋግጣለች ማለት ነው። የዲላ ሽማግሌዎች ታዲያ «መልካም፤ ከዚያ ወዲህስ?» ብለው ጠየቁ። አንደኛውማ «አሮጌ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ አዲሱን የማያወጣበት ምክንያት ቢኖረው ነው» አለ አሉ። የእጮኛዋ እናት ይህን ሰምታ ስልክ ማንሳት ትታለች።

«ቀኑን እኔ አልጻፍኩትም» አለች ምሕረት። «ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያስገባው። የፈረንጁን ወስዶ ሰባት ስምንት ዓመቱን ቀንሶ ወደ እኛ ያመጣዋል።»

ያኔ ገባኝ። እኔ ቀድሞ የእኛን ሰጥቼዋለሁ። እሱ የፈረንጅ መስሎት እንደገና ቀነሰው።

«ታዲያ ዛሬ እንዴት ልክ ሆነ?» አሉ መጋቢ። ልክ የሆነውማ ሰኞ ከሰዓት መብራት ስለጠፋና ማክሰኞ ወረቀት ስለነበረኝ ነው። ይህን የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሐሳብሽ ሁሉ ስልክሽ ላይ ነዋ!» አለ አንዱ ሽማግሌ። «የሰው ልጅ ትዳር መጫወቻ ነው እንዴ?»

«ለጋሽ ላንቃሞ የምሰጣቸው ወረቀት ላይ ተሳስቼ ይሆናል» አለች ምሕረት።

ወረቀት አልነበረም። እሷ መርሳቷን ረስታዋለች። ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። ንጹሕ ነበር፤ ጠዋት እኔው ነኝ የወለወልኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን እዚያው እንደቆምኩ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

ለነገሩ መፍትሔ የተገኘው በትዕግሥት በኩል ነው። «ከአዲስ ደብዳቤ ጋር ሰው ይላክልኝ፤ ወረቀቱንማ ከእንግዲህ አያምኑትም» አለች። «ጋሽ ላንቃሞ ይሂዱልኝ። ከሕፃንነቴ ያውቁኛል፤ ደግሞ እሳቸው ነገር አያበዙም።»

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ «ይቺ ምሕረት ጉድ ልትሠራኝ አልነበር!» አለችኝ። «እህ» አልኩ። አያችሁ፣ ሰው ቃል ሳያወጣም ይዋሻል።

ዲላ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ልጅቷ አግብታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በምን አወቁ?»

«በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ብቻዋን ነው የምትመጣው።»

ሳቁ። አንደኛው እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። «ወረቀት ይሳሳታል» አለ፤ «እንዲህ ያለ ሰው ግን አይሳሳትም!» ምሳ አስቀረቡልኝ። ሥጋው ጥሩ ነበር። የእጮኛዋ እናት መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም መሬት ብትውጠኝ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም። ተናገር የሚለኝ ነገር ደረቴ ውስጥ ነበረ። ግን ምስክር ሆኖ የሄደ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ቢል ምስክርነቱ ምን ይሆናል? ሰበብ ናት፤ ግን ጥሩ ሰበብ ናት። ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ያልቃል፣ ሰበቡ አያልቅም።

ጋብቻው ታወጀ። ሠርጉም ባለቀ ሰዓቱ ደረሰ። ሁሉም ረሳው። ምሕረት ብቻ እያንዳንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ማንበብ ጀመረች፤ ሽማግሌዎቹ ሲገቡም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ይህን እያየሁ መወልወል ከበደኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው በሌለበት፣ መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፊቷ ቆምኩ።

«ምሕረት፣ የዚያን ሰኞ ወረቀት አልነበረም። እኔ ነኝ። ከካላንደሩ ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

መጻፏን አቆመች። እኔ «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» የሚለውን መጠበቅ ጀመርኩ። በእኛ ከተማ ለሽማግሌ የሚባለው ይኸው ነው፤ የሽማግሌ ጥፋት የሚበዛውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

አላለችም። የተዘጋውን በር አየች፣ ባዶዎቹን ወንበሮች አየች፣ ከዚያ እኔን።

«እኔን ሲቆጡኝ፣ ጋሼ፣ እርስዎን ጨምሮ ስድስት ሰው ነበር» አለችኝ። «አሁን ይቅርታ ሲጠይቁኝ ሁለታችን ብቻ ነን።»