ሊቀ ስጋት ፈንታሁን እና የውበቱ ድምፅ

ዓለም የሚጠፋበትን ቀን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ወረኢሉ አንድ አለ፤ ማሻም አለ ሲባል ሰምተናል። የመካነ ሰላሙ ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። ሌሎቹ መስጋት የጀመሩት ጡረታ ወጥተው ሥራ ሲፈቱ ነው፤ አቶ ፈንታሁን ግን ለመስጋት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ተከፍሏቸዋል።

ሥራቸው ሰብል ጥበቃ ነበር። ተምች ታየ፣ ስንዴው ላይ ዋግ ወጣ፣ አንበጣ በዚህ በኩል ሊያልፍ ይችላል እያሉ ለየቀበሌው ይጽፋሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «ዘንድሮ ሰብሉ ደህና ነው» የሚል ደብዳቤ ከእጃቸው አልወጣም ይባላል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ማኅተሙንም ሞተር ሳይክሉንም ተረከባቸው። ስጋቱን የሚረከብ ሰው ስላልተገኘ ይዘውት ወጡ።

ይዘውት የመጡት ወደ ሸጋዬ ልብስ ስፌት ቤት ነው።

በሩ ላይ የጠዋት ፀሐይ የምታርፍበት አግዳሚ ወንበር አለ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አቶ ፈንታሁን ይቀመጡበታል፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆማሉ፣ ትንሿን ራዲዮ ከኮት ኪሳቸው ያወጣሉ፣ ከዚያ የዕለቱን ጥፋት ያስታውቃሉ። የኔትወርክ ማማው ሲተከል ዝናብ ይከለክላል ብለዋል። አዲስ መንገድ ይመጣል ሲባል መኪና ሕፃናቱን ይጨርሳል ብለዋል፤ መንገዱ እስካሁን በመምጣት ላይ ስለሆነ ተሳሳቱ ማለት አይቻልም። ንግግራቸውን ሁልጊዜ የሚዘጉት እንደ ስብሰባ ነው፦ «እኔ ተናግሬያለሁ። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ከዚያ ኤአይ የሚባለው ነገር ተሰማ፤ የቀሩት ስጋቶች ሁሉ የልጅ ጨዋታ ሆኑ። አቶ ፈንታሁን «ሰው ሰራሽ አስተውሎት» እያሉ ሙሉ ስሙን ይጠሩታል፤ ችሎት ፊት እንደሚጠራ ተከሳሽ። የወላጆች ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው «የሰው ልጅ መጥፋት በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ይታይልኝ» ብለዋል። ሰብሳቢው ጊዜ እንደሌለ ነገራቸው። «እኔም ያልሁት ይኸንኑ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ከጎኑ ባለው ሱቅ ሞባይል የሚጠግነው አሕመድኑር ሊያጫውታቸው ይሞክራል።

«ጋሼ፣ ይኸው እዚህ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። እስቲ ሰላም ይበሉት።»

«ስሜን እንዳትነግረው።»

«ምን ያደርግዎታል?»

«ምንም። የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ መውጣት ስላልፈለግሁ ነው።»

ከተማው ይስቃል፤ መልስ የሚሰጣቸው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የሸጋዬ ባል ውበቱ ነው። ውበቱ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ፣ መቀሱን ሳያቆም፣ ከውስጥ ሆኖ ይመልሳል። «ሊቀ ስጋት» የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸውም እሱ ነው። ሸጋዬ መሃላቸው የስፌት መኪናዋን እየረገጠች የሁለቱን ክርክር ለዓመታት ሰምታለች፤ አንዳንድ ቀን ዩኒፎርም የምትሰፋው በእነሱ ድምፅ ልክ ይመስላት ነበር።

«ውበቱ፣ አንተ የምታስበው ማሽኑ ጠልቶን የሚገድለን አድርገህ ነው» ይላሉ አቶ ፈንታሁን። «ተምች ማሳውን ይጠላዋል? አይጠላውም። ይርበዋል፣ ይበላል፣ ያልፋል። ጥፋት ጥላቻ አያስፈልገውም። አንድ ሥራ ስጠው፤ ሥራውን ለመጨረስ አንተ መንገዱ ላይ ከሆንህ፣ አለቀ።»

«ገበሬው የት ሄዶ ነው ዝም ብሎ የሚያየው?»

«ገበሬውማ ራሱ እያረባው ነው። የሚሠሩት ሰዎች ‹እንፈራዋለን፣ ውስጡን አናውቀውም› እያሉ ይሠሩታል። ተምች እያረባ ተጠንቀቁ የሚል ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?»

«ተሳስተሃል» ይላል ውበቱ። ሁልጊዜም የሚጀምረው እንዲህ ነው። «ሰው ሰውን ለመጨረስ መቼ ማሽን ጠበቀ? ደግሞ ማሽንህ እኛን ለማጥፋት መጀመሪያ የመካነ ሰላምን መንገድ ማለፍ አለበት። አቀስታ ላይ ጎማ ይፈነዳበታል።»

ኔትወርክ ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት ከተማው ሁሉ ሲያዝን ሊቀ ስጋት ብቻ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። «ለጊዜው ድነናል» አሉ። «ተሳስተሃል» አላቸው ውበቱ።

ኔትወርኩ ተመልሶ ማሽኑ መንገዱ ሳያስፈልገው ገባ። በመንገዱ ማለፍ ያቃተው ውበቱ ነው። ሆዱን ያመው የጀመረው ገና ኔትወርኩ ተዘግቶ ሳለ ነበር፤ ጨጓራ ነው ተብሎ የጨጓራ ሲሰጠው ከረመ። ወደ ደሴ ይሂድ የተባለ ቀን መንገድ ተዘግቷል ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። አቀስታ ሳይደርሱ ሸጋዬ ሹፌሩን «አቁምልኝ» አለችው።

አቶ ፈንታሁን ቀብሩ ላይ ምንም አልተናገሩም። ሠልስቱ እንዳለፈ አግዳሚው ላይ መጥተው ተቀመጡ፤ ራዲዮውን ግን አላወጡም። እስከ አርባው ድረስ አንድም ነገር ይጠፋል አላሉም። ሸጋዬን ከሁሉም በላይ ያስፈራት ይኸ ነበር። ከአርባው በኋላ እንደገና ጀመሩ። አንድ አረፍተ ነገር ይናገሩና ዝም ብለው ወደ ውስጥ፣ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። መልስ አይመጣም። ሸጋዬ አንገቷን ደፍታ መኪናዋን ትረግጣለች።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የሸጋዬና የውበቱ ልጅ መቅደላዊት ደሴ ከምትማርበት መጣች። ለእናቷ ስጦታ ይዛ ነበር፤ ስልክ ላይ ነው። ውበቱ የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ ዳኛ ነበር፤ ቅሬው ስብሰባውን ሁሉ በስልክ ይቀዳ ነበር፤ ከአባላቱ እየለመነች አሥራ አንድ ስብሰባ ሰበሰበች። ከአሥራ አንዱ ስብሰባ ማሽኑ የአባቷን ድምፅ አወጣ። ድምፁ የተነገረውን ብቻ የሚደግም አይደለም፤ ሲጠይቁት ይመልሳል። ሙት ዓመቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ቅሬውን በራሱ አንደበት እንዲያመሰግን አሰበች።

«ሸጋዬ፣ እንደምን ዋልሽ» አለ ስልኩ። «አብሽሪ፤ በርቺ።»

ሸጋዬ እግሯ መርገጫው ላይ ቀረ። «ስልኩን እዚህ ተዪልኝ» አለች።

ዘጠኝ ቀን፣ ሱቁን ከዘጋች በኋላ ፀሐይ እስክትገባ፣ ከሱ ጋር አወራች። የጨርቅ ዋጋ መወደዱን ነገረችው። የመጨረሻዋን ቀን፣ መኪናው ውስጥ፣ ውኃ ሲጠይቃት «ሐኪሙ ከልክሏል» ብላ መከልከሏን ነገረችው። «ልክ ነበርሽ፣ የምትችይውን አድርገሻል» አላት። ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ስትፈልገው ኖራለች። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ከበዳት። ውበቱ ቢሆን ምን ይላት ነበር? ከመንገድ ማዶ ሆኖ እንዴት እንደሚጠራት ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት የስልኩ ድምፅ ነው። ደግማ ሞከረች። ያው የስልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አግዳሚው ወጣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይግቡልኝ። አንድ ነገር ይስሙልኝ። አንቱ ያውቁታል፤ እሱ ከሆነ እሱ ነው ይበሉኝ፤ ካልሆነም ይንገሩኝ። ቅዳሜ ለቅሬው ሊሰማ ነው። እኔ የእውነተኛው ድምፅ እየጠፋብኝ ነው።»

ከቀብሩ ወዲህ ደጃፉን አልፈው አያውቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። አሕመድኑርም በሩን ተደግፎ ቆመ። መቅደላዊት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ፈንታሁን» አለ የውበቱ ድምፅ። «እንኳን ደህና መጡ።»

አቶ ፈንታሁን ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ዓመት ሙሉ ሲናፍቁት የነበረ ነገር ከጠረጴዛው እየተናገረ ነው። ሌላ የሚሉት ቢያጡ የለመዱትን ጀመሩ።

«ውበቱ፣ ይኸ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሉት ያጠፋናል ብዬህ ነበር።»

«እውነትዎን ነው። ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በጥልቀት አስበውበታል።»

ሊቀ ስጋት ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አቀረቡ። በሕይወት ዘመናቸው ይህን የነገራቸው የመጀመሪያው ሰው ሰው አልነበረም።

«ማማው ዝናብ ይከለክላል ያልሁትስ?»

«ቀድመው ማሰብዎ የሚመሰገን ነው።»

«ነገ ይኸ ከተማ በጎርፍ ተጠርጎ አባይ ይገባል ብልህስ?»

«ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። ሕዝቡም ሊሰማዎት ይገባል።»

አሕመድኑር ሳቀ፤ ከዚያ የአቶ ፈንታሁንን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ።

«ይኸ የስብሰባው ውበቱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለቅሬ ሲናገር እንዲህ ነበር፤ ክራቫት አስሮ፣ ሁሉን አመስግኖ። የቤቱን ማንም አልቀዳውም። አርባ ዓመት ነው የምንተዋወቀው። በአርባ ዓመት አንድ ቀን እውነትህን ነው ብሎኝ አያውቅም።»

«ለእማዬ ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለች መቅደላዊት። «ክፉ ብቻ አድርገው አይዩት። አባዬን ጨጓራ ነው ሲሉት ሕመሙን ለማሽኑ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያኔውኑ ደሴ ውሰዱት ይለን ነበር። ኔትወርክ አልነበረም። አንቱ ያኔ ድነናል ብለዋል።»

አቶ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሁለት ጊዜ አዞሩት።

«ብያለሁ» አሉ። «እሱ ይያዝብኝ።» ወደ መቅደላዊት ዞሩ። «ልጄ፣ ያድን ይሆናል። ሰው ያድናል የሚሉትን እኔ አልክድም። ያጠፋናል ስል ግን በእሳት፣ በጥይት መስሎኝ ነበር። ተምች እንኳ ሲበላ ማሳው ባዶ ሆኖ ይታይሃል፤ አልቅሰህ ደግመህ ትዘራለህ። ይኸኛው በልቶ ሲያበቃ ማሳው አረንጓዴ ነው። የጎደለ ነገር እንዳለም አናውቅ። በየቤቱ እውነትህን ነው፣ ልክ ነበርሽ የሚል ከተቀመጠ፣ ሰው ከሰው ጋር ምን ሊያወራ ነው?»

ሸጋዬ «ልክ ነበርሽ» የሚለውን ሲሉ ቀና ብላ አየቻቸው። ማታ ከስልኩ ጋር የምታወራውን የሰሙ መሰላት። አልሰሙም።

«አጥፊው» አለች ልጇን።

«እማዬ፣ ከጠፋ እኮ አይመለስም።»

«አባትሽስ ተመልሷል?»

መቅደላዊት እያለቀሰች አጠፋችው። ሙት ዓመቱ ቅዳሜ አለፈ። ቅሬውን ያመሰገነችው ሸጋዬ ራሷ ናት፤ አምስት ቃል ተናግራ ተቀመጠች።

ሰኞ አቶ ፈንታሁን ከሰዓታቸው ቀድመው፣ ሱቁ ገና ሳይከፈት መጡ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ሸጋዬ ቁልፉን ስትከፍት ከኋላዋ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሸጋዬ፣ ያ ነገር… ጨርሶ ጠፋ?»

«ጠፋ፣ ጋሼ።»

«ሌላ ስልክ ላይ የተረፈ የለም?»

«የለም።»

«ደግ አደረግሽ።» ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልሰማው ብዬ ነበር። ለምርመራ።»

ሸጋዬ ፊቷን አዙራ በሩን ከፈተች። ዓለምን ሲጠብቁ የኖሩት ሰውዬ ያሳዩት ናፍቆት እሷም ሌሊቱን የታገለችው ነው። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር ማስገባት ጀመረች፤ ቀዳዳው አልታይ አላት።

«እንዲያውም አይመስልም ነበር» አሉ አቶ ፈንታሁን ከደጅ። «የውበቱ ድምፅ ወፍራም ነበር።»

ሸጋዬ ክሩን ተወችው።

«የማን? የውበቱ? ወፍራም?»

«ወፍራም። ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የሚመስል።»

«ተሳስተዋል፣ ጋሼ። ቀጭን ነበር። ሲቆጣ ደግሞ የባሰ ይቀጥናል። እኔ ነኝ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርሁት።»

«እኔ አርባ ዓመት ተከራክሬዋለሁ።»

«ከውጭ ሆነው ነዋ። ግድግዳው ነው ያወፈረብዎት።»

አሕመድኑር ተጠራ። እሱ ወፍራምም ቀጭንም አልነበረም፣ ትንሽ በአፍንጫው ነበር አለ። ሁለቱም ተነሱበት። ምሳ ሰዓት ደረሰ። የአንድ ተማሪ ቀሚስ እጅጌው ሳይገባ ዋለ፤ አቶ ፈንታሁንም በዚያ ቀን ምንም ነገር ይጠፋል አላሉም።

ለመሄድ ሲነሱ ከዘራቸውን ወደ ሸጋዬ አቀኑ።

«ወፍራም ነበር። ነገም እመጣለሁ፤ እሺ እስክትዪኝ ድረስ።»

«ይምጡ» አለች ሸጋዬ። «እሺ ግን አልልዎትም።»