ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ መደብ ቲማቲም

የታላላቅ ለውጦች መነሻ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ስድስት ደቂቃ በእግር ገባ ብሎ በሚገኝ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ለተካሄደው የአስቤዛ ማሻሻያም መነሻው አንድ ቲማቲም ነበር። ቲማቲሙ ቀይና ጤነኛ ነበር። ጥፋቱ ደረሰኝ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

የቤቱ አባወራ አቶ ምንያህል መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ናቸው። ባለሙያ የተባሉት በከንቱ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤታቸው አንድ ፓኮ እስክሪብቶ ለመግዛት የሚፈጀውን ጊዜ ከሰባት ወር ወደ አምስት ወር ያወረዱ ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱም ይህን አይቶ ስለ ብክነት ቅነሳ የአምስት ቀን ሥልጠና እንዲወስዱ ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ ሆቴል ላካቸው። ሆቴሉ ከቤታቸው በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው። ሆኖም ብክነት በሩቁ የሚገባ ነገር ስላልሆነ አምስቱንም ሌሊት እዚያው አደሩ። ስለ ቁጠባ በቀን ሁለት ጊዜ ከሻይና ከኬክ ጋር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አሥራ አራት ዓይነት ምግብ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ሲመካከሩ ሰነበቱና አበላቸውንና አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዘው ተመለሱ።

የተመለሱት ቅዳሜ ነበር። ባለቤታቸው ወንጌላዊት የሳምንቱን አስቤዛ ከዘንቢል እያራገፈች ነው።

"ስንት ሆነ?" አሉ።

"ምኑ?"

"ይሄ ሁሉ።"

"እኔ እንጃ። ሁለት ሺህ ሰጠኋት፣ መልስ ሰጠችኝ።"

"ለማን?"

"ለታቢታ ነዋ! ለማን እሰጣለሁ?"

ታቢታ ከመንገዱ ማዶ ጉሊት ላይ ከተቀመጠች ብዙ ዘመኗ ነው። ጆንያዋን አንጥፋ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ድንቹንና አቮካዶውን በመደብ በመደብ ከፋፍላ ትሸጣለች። ወንጌላዊት ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የታቢታ ደንበኛ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች፣ ዋጋ አትከራከርም፣ የልጅ ጤና ይጠያየቃሉ፣ አስቤዛው ዘንቢል ውስጥ ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ሴቶች ያለ አንዲት ቃለ ጉባኤ አንድ ቤተሰብ ሲያበሉ ኖረዋል ማለት ነው። አቶ ምንያህል ይህን በተረዱ ጊዜ ያደረባቸውን ድንጋጤ ለመግለጽ ቃል ያጥራል።

በማግስቱ ማታ የቤተሰብ አስቤዛ ግዥ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ አቶ ምንያህል፤ ጸሐፊ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃቸው ሄራን። ወንጌላዊት ከአቅራቢዋ ጋር ባላት ቅርበት ምክንያት ድምፅ የሌላት አባል ሆነች። ድምፅ ባይኖራትም ድንች መላጧን እንድትቀጥል ተፈቅዶላታል።

"ለማጣራት ያህል" አሉ ሰብሳቢው፤ "ከዋጋው ውጪ የምታገኚው ነገር አለ?"

"ምራቂ ነው?"

"እሱን አብራሪልን።"

"ከመደቡ ላይ ትጨምርልኛለች። ሁለት ቲማቲም፣ እፍኝ ቃሪያ፣ ካላት ጎመን።"

"በነፃ?"

"በነፃ።"

"በምን ምክንያት?"

"ደንበኛዋ ነኛ!"

አቶ ምንያህል እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ወንጌላዊት፣ አቅራቢ ለገዥ በነፃ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?"

"ቃሪያ።"

"ጉቦ ነው።"

ሄራን ጻፈችው። በዚያው ስብሰባ አቅጣጫ ተቀመጠ፦ ከእንግዲህ ምራቂ መቀበል ክልክል ነው፤ ማንኛውም ግዥ በሦስት ፕሮፎርማ ይፈጸማል፤ የወንጌላዊት ቅዳሜም ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ይታገዳል።

ወንጌላዊት ቢላዋዋን አስቀመጠች። "የዛሬ አራት ሳምንት እሑድ የጸሎት ኅብረቱ ተራ የእኛ ነው። ሃያ ሰው እዚህ ቤት ምሳ ይበላል። እስከ ዛሬ እኔ ቤት መጥቶ ሳይጠግብ የወጣ ሰው የለም። ብታዋርደኝስ?"

"ሥርዓት አያዋርድም።"

"ቢያዋርድስ?"

"በቃለ ጉባኤ ይያዝልሽ።"

ቅጣቱን ራሷ ተናገረች፤ ተያዘላት። ጸሐፊዋ ቃል በቃል እንዲህ ብላ መዘገበች፦ "ሃያዎቹ እንግዶች በኮሚቴው ግዥ ካልተስተናገዱ፣ ሰብሳቢው ለአንድ ዓመት በየቅዳሜው ዘንቢል ይዘው ገበያ ይወርዳሉ።" ሦስቱም ፈረሙ። ድምፅ የሌለው አባል መፈረም ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለጊዜው ታለፈ።

ሰብሳቢው አድሎ እንዳይባል በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ታቢታ ነው። ቅጹን በጨርቅ ቦርሳቸው ይዘዋል።

"እህት ታቢታ፣ የዋጋ ማቅረቢያ ፈልጌ ነበር። ፕሮፎርማ።"

"ዋጋ? መደቡ አርባ ብር ነው። ላንተ ሠላሳ አምስት። ወንጌላዊት የት ሄደች? አሟት ነው?"

"ደህና ናት። በጽሑፍ ነው የምፈልገው። ማህተም ያለበት።"

"የቲማቲም ማህተም?"

"አዎ።"

ታቢታ አንድ ቲማቲም አንሥታ አገላበጠችው። "የቱ ላይ ነው የሚመታው? ወንድም ምንያህል፣ እኔ እንጃ፣ ሲመታ ይፈርጣል እኮ።"

አቶ ምንያህል ሳይሰለቹ ዝርዝር መግለጫውን አነበቡላት። ቲማቲሙ ቀይ፣ ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ወርዱም ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ታቢታ ከጎኗ ያለችውን ሽንኩርት ሻጭ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለቻት። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ታቢታ አቶ ምንያህል ለኮሚቴው ያስቀረጹት ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳት፦ ሕጋዊ ሰነድ ባለማሟላቷ ከውድድር ውጪ ሆናለች፤ ኮሚቴው ስላሳየችው ፍላጎት ያመሰግናል።

ማህተም ያላቸው ሦስት ሱቆች ተገኙ። አንዱ መሃል ከተማ፣ አንዱ ሐይቅ ዳር፣ ሦስተኛው ከከተማው መውጫ ላይ ነው። አቶ ምንያህል በሁለት ሳምንት ውስጥ በባጃጅ ኮንትራት ሦስቱን አምስት ጊዜ ዞሩና ሽንኩርት በኪሎ በሦስት ብር የሚረክስበትን ለዩ፤ መሃል ከተማ ያለው የሳዳም ሱቅ ነበር። ቤተሰቡ በሳምንት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይበላል። የሁለት ሳምንቱ ሪፖርት የምግብ ወጪ በአሥራ ስምንት በመቶ መቀነሱን በግራፍ አሳየ።

"አባዬ፣ የባጃጁስ?" አለች ጸሐፊዋ።

"እሱ ትራንስፖርት ነው።"

"ግን ከኪሳችን ነው የወጣው።"

"ከሌላው ኪስ ነው" አሉ አቶ ምንያህል፤ እውነታቸውንም ነበር። የባጃጁን ሂሳብ የከፈሉት ከኋላ ኪሳቸው ነው።

ከወጪው መቀነስ ውስጥ ጥቂቱ የመጣው ማክሰኞና ረቡዕ ወጥ ባለመሠራቱ መሆኑን በግራፉ ላይ ማሳየት አልተቻለም። የጨረታ ግምገማው በእነዚያ ቀናት አልተጠናቀቀም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሥርዓቱ ወደ ላቀ ደረጃ ተሸጋገረ። በጅምላ ሲገዛ ዋጋ እንደሚወርድ ሥልጠናው ላይ ተነግሯቸዋልና አቶ ምንያህል አንድ ሙሉ ሳጥን፣ ሃያ አምስት ኪሎ ቲማቲም አስመጡ። የሐዋሳን ሙቀት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሰኞ የመጣው ቲማቲም ሐሙስ ላይ ከሳጥኑ ሥር ውሃ ማፍሰስ ጀመረ።

ወንጌላዊት ልትጥለው ስትነሣ ሰብሳቢው ከለከሉ። ንብረት እንደ ተራ ነገር አይጣልም፤ የማስወገድ ኮሚቴ መርምሮ ሲወስን ነው። የማስወገድ ኮሚቴ አባላት ደግሞ ከግዥ ኮሚቴው ውጪ መሆን አለባቸው። በቤቱ ውስጥ ከግዥ ኮሚቴው ውጪ ያለ ሰው ስላልነበረ ቲማቲሙ ባለበት ቆየ። ዝንቦች ያለ ጥሪ መጡ። ዓርብ ጠዋት አባ ኮዳ ከሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች አንዱ ከሐይቁ ድረስ በርሮ መጥቶ የኩሽናው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። እጆቹን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ኦዲተር አንገቱን ሰብቆ ሁኔታውን ሲገመግም ቆየና ምንም ሳይነካ ሄደ።

አራተኛው ሳምንት ደረሰ። ለሃያ ሰው ምሳ የሚሆነው ግዥ ጨረታ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሊከፈት ሰብሳቢው ጠረጴዛ አዘጋጁ። የሳዳም ፖስታ ደርሷል። የሐይቅ ዳሩም ደርሷል። ሦስተኛው የለም።

"ደውልለት" አለች ወንጌላዊት።

"ደውያለሁ፤ ዝግ ነው። ሰውየው ለካ ቅዳሜን እንደ ሰንበት የሚያከብር ነው።"

"እና ከሁለቱ ግዛ።"

"በሁለት ፕሮፎርማ? አይቻልም። ጨረታው ተሰርዞ ለሚቀጥለው ሳምንት በድጋሚ ይወጣል።"

"እንግዶቹስ?" አለች ሄራን።

አቶ ምንያህል ከመሥሪያ ቤታቸው ያመጡትን የግዥ መመሪያ ገለጡ። ስለ እንግዶች የሚል አንቀጽ አልነበረውም።

ወንጌላዊት ወደ ኩሽና ገባች። ግማሽ ኪሎ ምስር፣ ሁለት ሽንኩርትና አንድ ሳጥን ውሳኔ የሚጠባበቅ ቲማቲም አለ። የአስቤዛው ብር በሰብሳቢው ቦርሳ ውስጥ ተቆልፏል። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ግማሽ ኪሎዋን ምስር መልቀም ጀመረች። ብትጮህ ይሻል ነበር። አቶ ምንያህል ከሳሎን ሆነው ሁለት ጊዜ አሳላቸው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ታቢታ ወረደች። በመጀመሪያ ሁለት ጆንያ፣ ቀጥሎ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትበልት እህቷ የላከችው ዓሣ ተከተላት። አቶ ምንያህል በሩን በአካላቸው ሞሉት።

"እህት ታቢታ፣ ይሄን መቀበል አልችልም። ከአቅራቢ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው።"

"አቅራቢ ነኝ እንዴ?"

"ማለቴ..."

"ወረቀት ጽፈህ ሰጥተኸኝ የለ? ከውድድር ውጪ ብለህ?" ከደረቷ ስር ደብዳቤውን አወጣች። ቃሪያ ተጠቅልሎበት ስለ ነበር ጠርዙ ወዝቷል፤ ማህተሙ ግን በደንብ ይታያል። "እኔ የነገ እንግዳ ነኝ፤ ኅብረቱ ውስጥ አይደለሁም? እንግዳ ባዶ እጁን ሰው ቤት ይመጣል? እሺ በቃ፣ ፈቀቅ በል፣ ዓሣውን ፀሐይ መታው።"

አቶ ምንያህል መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡ። በጨረታ የወደቀ ሰው ዓሣ እንዳያመጣ የሚከለክል ነገር አላገኙም። እሳቸው ሲያነቡ ታቢታ አልፋ ገብታ ነበር። ከኩሽና የሳቅ ድምፅ ተሰማ፤ በመጀመሪያ የታቢታ፣ ቆይቶ የወንጌላዊት። አንድ ሰው ሳጥኑን ጎትቶ ወደ ጓሮ ጉድጓድ ሲገለብጠውም ተሰማ።

እሑድ ሃያው ሰው በላ፣ ደገመ። ከጸሎቱ በኋላ አቶ ምንያህል ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ።

"የተወደዳችሁ ወገኖች! ይህ ምሳ ተራ ምሳ አይደለም፤ የአሠራር ውጤት ነው። ቤታችን ላለፉት አራት ሳምንታት በዘረጋው ሥርዓት የምግብ ወጪያችን በዚህ ሳምንት ስንት ሆነ? ዜሮ ብር! ኮሚቴው ለዚህ ማዕድ አንዲት ሳንቲም አላወጣም፤ አንዲት ቃሪያ አልገዛም። ቁጠባው መቶ በመቶ ነው!"

"አሜን!" አሉ ከኋላ። የኅብረቱ መሪ ወንድም ብርሃኑም ተሞክሮው ተቀምሮ ወደ ሌሎች ቤቶች እንዲሰፋ አሳሰቡ። ታቢታ ዓሣዋን በጥንቃቄ ከአጥንት እየለየች ትበላለች።

ሄራን ደብተሯን ይዛ ተነሣች። "ጸሐፊ ስለሆንኩ የቀድሞውን ውሳኔ ላንብብ" አለች፤ አነበበችም። "ሃያዎቹ እንግዶች በኮሚቴው ግዥ ካልተስተናገዱ..." ቀና አለች። "አባዬ፣ ኮሚቴው ምንም አልገዛም ነው ያልከው?"

አቶ ምንያህል ግራፋቸውን አዩት። በሕይወታቸው ካቀረቡት ሪፖርት ሁሉ በማስረጃ የተደገፈው ይሄኛው ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ አባወራው ዘንቢል ይዘው፣ ሄራንን አስከትለው ጉሊቱ ጋ ደረሱ። ከፊታቸው የነበረች ሴት ገዝታ ስትጨርስ እፍኝ ቃሪያና አንድ ሎሚ ተመርቆላት ሄደች። እሳቸውም ሽንኩርቱን ገዙ፣ ቲማቲሙን ገዙ፣ ከፈሉ፣ መልሳቸውን ተቀበሉ። ታቢታ ዛሬ ጥብቅ ናት፤ ቲማቲሞቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ነው የሰጠቻቸው። አቶ ምንያህል የዘንቢሉን አፍ እንደ ከፈቱ ቆሙ።

"ጨረስን እኮ፣ ወንድም ምንያህል።"

"አዎ። እህት ታቢታ..." ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምንም አትመርቂልኝም?"

ታቢታ ቃሪያውን በሁለት እጇ ከለለችው። "ኧረ ዝም በል፣ ሰው ይሰማል!" አለች። "እኔ ጉቦ አልሰጥም።"

ከዚያ አራት ትልልቅ አቮካዶ መርጣ ለሄራን አሳቀፈቻት።

"ይሄን ለእናትሽ ስጪያት፣ የኔ ልጅ። እሷ ብትወስድ ችግር የለውም፤ ድምፅ የላትም።"