ቀባሬ ፕሮግራማት መምህር ይሄይስ

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ቀባሪ አይጠፋም። ትናንት ለምኖ ያስገባውን ነገር ዛሬ «አለቀለት» የሚል፣ እናንተ ገና ማብሪያና ማጥፊያውን ስትለምዱ እሱ ተስካሩን የሚያወጣ ሰው ማለቴ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ቀባሪ ክቡር መምህር ይሄይስ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ያስተምራል፤ እኔ ደግሞ ምክትል ርዕሰ መምህር ስለሆንሁ በየዓመቱ ቀድሞ የሚያስደነግጠው እኔን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር የትኛው መምህር በየትኛው ክፍለ ጊዜ የት ክፍል እንደሚገባ ድልድል ይወጣል። ድሮ ድልድሉን የማወጣው እኔ ነበርሁ፣ በእርሳስና በላጲስ። ሰው ሳላጣላ ጨርሼ አላውቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ኮምፒውተር በእርዳታ ሲመጣልን ይሄይስ «ለእኔ ተውት» አለና ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ ኪው ቤዚክ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የድልድል ፕሮግራም ጻፈ። ሠራ። አጨበጨብንለት፤ እኔም ላጲሴን ወረወርሁ።

በዓመቱ ላመሰግነው ብሄድ፣ «ኪው ቤዚክ እኮ አለቀለት» አለኝ። ክው አልሁ። የማውቀው ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። ምን ነክቶት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ፎክስፕሮ የሚባል መጥቷል፣ ከእንግዲህ በኪው ቤዚክ የሚሠራ ሰው መሳቂያ ነው አለ። እሺ ብለን ፎክስፕሮን ተቀበልን። ጸሐፊያችን ወይዘሮ እስከዳር ትእዛዞቹን እንደ ዳዊት በቃሏ በያዘች ማግስት ፎክስፕሮም ተቀበረና ቪዥዋል ቤዚክ ገባ። እስከዳር እስከ ፍልሰታ አላናገረችውም።

ቀጥሎ የመጣው የጃቫ ዓመት ከሁሉም የባሰ ነበር። ድልድሉ የደረሰው በኅዳር ሲሆን፣ ጡረታ የወጡትን መምህር ወልደ ገብርኤልን ሰኞ ጠዋት 10ኛ ለ መድቧቸው አገኘን። ይባስ ብሎ እሳቸውም ከረባታቸውን አስረው መጡ። ይሄይስን ስንቆጣው መሣሪያው ገና አልበሰለም ይለናል። ሲበስል ደግሞ አለቀለት ይላል። በመብሰልና በማለቅ መካከል አንድ ሴሚስተር እንኳን አርፈን የሠራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በዚህ ሁሉ ቀብር መሀል ግን ከቪዥዋል ቤዚክ ወዲህ ያልተለወጠ አንድ ነገር ነበር። የአርብ ሰባተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ያውም 9ኛ ረ፣ ምንጊዜም የሚወድቀው ራሱ ይሄይስ ላይ ነው። ያን ሰዓት የሚመኝ መምህር አልተፈጠረም። ሰባው ተማሪ ልቡ ቤቱ ደርሷል፤ የቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው። የገዛ ፕሮግራምህ ጠላህ እያልን እንስቅበት ነበር። እሱም ዕድሌ ነው እያለ ጠመኔውን አንሥቶ ይሄዳል።

የባዮሎጂ መምህርታችን የብርጓል ደግሞ በተቃራኒው አርብ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነበረች። እናቷ ሮብ ገበያ በምትባል የገጠር ከተማ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል። በአዘቦቱ ቀን ጎረቤት ያያቸዋል፤ ገላቸውን የምታጥባቸውና ልብሳቸውን የምትቀይርላቸው ግን እሷ ናት፣ አርብ ሄዳ እሑድ እየተመለሰች። የመጨረሻው መኪና ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ይወጣል። ለድልድል ኮሚቴያችን አመልክታ ነበር፤ ለአንድ ሰው ብለን ድልድል አናዛባም ብለን መለስናት። በዚያው ዓመት ኮምፒውተሩ አርቧን ባዶ ሲያደርግላት ዕድለኛ ናት አልን። ኮምፒውተር ካወጣው ጋር ማን ይከራከራል?

በ2005 ዓ.ም. ሙላት የሚባል ወጣት መምህር ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ መጣና ዝግጁ የድልድል ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ብቅ አለ። ይሄይስ ክረምቱን ሙሉ የሚለፋበትን ሥራ እኔ መነጽሬን ጠርጌ ሳልጨርስ አወጣው። የተደራረበ ክፍል የለም፤ ጡረተኛም አልተጠራም። ይሄይስ ከሁላችንም በላይ ይደሰታል ብዬ ነበር፤ አዲስ ነዋ! እሱ ግን ወረቀቱን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። የአርብ ሰባተኛ፣ 9ኛ ረ፣ ለየብርጓል ደርሷታል። የብርጓል ድርሻዋን አየች፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወጣች።

ወዲያው ይሄይስ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ጋሽ ፈንታ፣ በአሮጌው እንቀጥል።»

ከወንበሬ ብድግ አልሁ። ከዚህ ሰው አፍ አሮጌ የሚለው ቃል በደግ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አመመህ እንዴ አልሁት።

«አዲሱ እሷን አያውቃትም» አለኝ። «እኔ ቋንቋ በለወጥሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጽፈው የእሷን አርብ ነው። ሌላው ቢበላሽ ይስተካከላል። መኪናው ካመለጣት ግን እናትየዋ ማን አላቸው?»

ሰዓቱን አንድ ሰው መያዝ ስላለበት የራሱን ስም ከሥር ይጽፍ እንደነበረም ነገረኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ሙላትን አስጠራሁና ነገሩን በአጭሩ አስረዳሁት። ልጁን ምንም አልደነቀውም። አንድ ገጽ ከፈተና፣ እዚህ መምህሩን፣ እዚህ ሰዓቱን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ እዚች ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ፕሮግራሙ ያን ሰዓት አይነካውም አለን። ይሄይስ ዓይኑን ሳጥኗ ላይ ተክሎ ቀረ።

«ሠሪዎቹ ይኼን ምን ብለው አስገቡት?»

«በየአገሩ ብዙ ሰው ስለጠየቃቸው ነው፣ ጋሽ ይሄይስ።»

«ብዙ ሰው» አለ ቀስ ብሎ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስደነግጠን የኖረው ሰው ሲደነግጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንደምወደውም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ፕሮግራሙ ባዶ ለሆነው ሰዓት ማን ይመደብ ብሎ ጠየቀ። የእኔ ክፍለ ጊዜ ጥቂት ነው፣ እኔን መድቡኝ ልል አፌን ስከፍት ይሄይስ ስሙን ጽፎ ጨርሷል።

አርብ በሰባተኛው ክፍለ ጊዜ በ9ኛ ረ በር አለፍሁ። ድምፁ ከሰባው ተማሪ ድምፅ በላይ ይሰማል። የሮብ ገበያው መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ግን ንግግሩን አቋርጦ ወደ መስኮቱ ሄደ። የብርጓል ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ ነበር። መኪናው እስኪርቅ አየና ወደ ሰሌዳው ዞሮ ስሌቱን ቀጠለ።