እሁድ እሁድ ኮርማ የምትፈልገው ላም

የመራባት ነገር ግራ ያጋባኛል። ይህን የምላችሁ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንግዲህ የሌላውን ሰው ሁኔታ ገምቱት። ሲቀላ የሚባለው ሰፈር አስፋልት ላይ ውሾቹ መኪና አስቁመው ጉዳያቸውን ይፈጽማሉ። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ አዞው ውሃውን እያንቀጠቀጠ ሚስት ይጠራል። ጫካው ውስጥ ዝንጀሮው ማንንም ሳያስፈቅድ አባት ይሆናል። የሰው ልጅ ብቻ ነው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ሚዜ አሰልፎ ካገባ በኋላ እንደገና የዝውውር ደብዳቤ የሚጠብቀው። ክፍል ውስጥ ምዕራፉ ላይ ስደርስ፣ አልደብቃችሁም፣ ጉሮሮዬን እጠርግና "ይህንን ራሳችሁ አንብቡት" ብዬ ወደ ዕፅዋት እሻገራለሁ። የአበባ ጋብቻ ማንንም አያሳፍርም።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ተከብሮ ማስታወቂያዎቹ ገና ከየግድግዳው ያልወረዱበት ነው። ሰናይትን ካገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ልጅ ግን የለንም። እሷ ደጋ ላይ፣ መኪና ግማሽ ቀን በሚፈጅበት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እኔ ቆላው ላይ፣ ላንቴ በሚባል የገጠር ቀበሌ አስተማሪ ነኝ። ጤና ጣቢያው አራት ነርሶች ስላሉት የሦስት ቀኑ እረፍት በተራ ይዞራል፤ ለእሷ በየአራት ሳምንቱ ይደርሳታል፣ ያኔ ወደ እኔ ትወርዳለች። ተመርምረናል። ሁለታችሁም ደህና ናችሁ ተብለናል። ደህና ከሆንን ታዲያ ምን ሆነን ነው? እናቴ ከደብረ ታቦር በደወለች ቁጥር "እህሳ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?" ትለኛለች፤ እኔ ስለ ዝናቡ አወራላታለሁ። ሰናይት ግን በመጣች ቁጥር እየከሳች ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች "ሌላ ብታገባ አልቀየምህም" አለችኝ። ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። "ሽንኩርቱ ነው" አለች። ፈራሁ፤ ሚስቴን በአንድ በማላውቀው ነገር ላጣት መሆኑ ገባኝ።

ጋሽ ዳና የመጡት በዚህ መሃል ነው። ጋሽ ዳና የላንቴ ሙዝ ገበሬ፣ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌና የአንዷ ተማሪዬ አባት ናቸው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

"መምህር፣ እርስዎ ባዮሎጂ አይደሉ?"

"ነኝ።"

"እንግዲያው ላሜን ይዩልኝ። እሁድ ብቻ ነው የሚፈልገው።"

ጋሽ ዳና አማርኛ ሲናገሩ ላሚቱ አንዳንዴ ወንድ ትሆናለች፤ ይህም ነገሩን ለጊዜው የባሰ ግራ አጋባብኝ። ጉዳዩ ግን ወዲህ ነው። ሙዙ ግጦሹን ከጨረሰ ወዲህ በዚያ ሰፈር ኮርማ የሚያስር ጠፍቷል። ላም ኮርማ ስትፈልግ የሚጠራው ፍሬው የሚባል አዳቃይ ነው፤ የተሻሻለ ዝርያ ዘር በማቀዝቀዣ ዕቃ ይዞ በሞተር ብስክሌት ከች ይላል። ፍሬው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። የጋሽ ዳና ላም የምትፈልገው ደግሞ እሁድ። እሁድ ጠዋት ትጮሃለች፣ በረት ትገፋለች፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ፍሬው ሲደርስ ሁሉም ነገር አልፎላት ተኝታ ታመሰኳለች። አንዴ ቢሆን ጥሩ። አራት ጊዜ! ጉባኤው "ሰንበት ሻሪ" የሚል ስም አውጥቶላታል፤ ፓስተሩ ሳይቀሩ ጸልየውላታል። እሷ ወይ ፍንክች።

"ለፋሲካ ካልያዘች ለቅርጫ ነው የምትሄደው" አሉኝ ጋሽ ዳና። "ጎረቤት ተስማምቷል። እኔ ግን በእጄ ያሳደግኳት ናት፣ መምህር።"

ቤታቸው ሄድን። ጋሽ ዳና ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ ላሚቱ በፈለገች ቁጥር ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር መስቀል አድርገዋል። መስቀሎቹ በሙሉ በእሁድ ረድፍ፣ አንዱ ከሌላው በታች ወርደዋል። ቆሜ አፈጠጥኩ። ላም የምትፈልገው በየሃያ አንድ ቀኑ ነው፤ ይህን ፈተና ላይ አውጥቼ ያልመለሱትን ጥያለሁ። ሃያ አንድ ቀን ደግሞ ልክ ሦስት ሳምንት ነው። አንዴ በእሁድ የጀመረች ላም ሌላ ቀን ምን ወስዷት? ኃጢአቷ ይኸው ነው። ሃያ አንድን ለሰባት ማካፈል ያቃተን እኛ፣ ስም የጠፋው ግን የእሷ።

ፍሬውን ለመንኩት። "እሁድ ዕቃው አይወጣም፤ ክፍሉ ይቆለፋል" አለኝ።

"ቅዳሜ አውጥተህ ቤትህ አሳድረዋ።"

ፍሬው ብዙ አሰበ። እንዲህ ያለ ነገር በመመሪያው አልተፈቀደም፤ ሲታይ ግን አልተከለከለምም። በቆጠርነው እሁድ ጋሽ ዳና መድረክ ላይ ቆመው ጸሎት እየመሩ የሞተሩን ድምፅ ሰሙና፣ ከመሃል "አሜን" ብለው ወጡ። ጉባኤው ዓይኑን ገልጦ ተያየ። ፋሲካ ሲደርስ ላሚቱ ይዛለች፤ ቅርጫውም በሌላ ከብት ሆነ።

ይህንን ለሰናይት ተራዋ ደርሶ ስትመጣ እየሳቅሁ አወራሁላት። እሷ አልሳቀችም። ተነስታ እስክሪብቶ አነሳችና ወደ ራሳችን ካላንደር ሄደች።

"የእኔ ስንት ቀን ነው የሚዞረው?" አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

"ሃያ ስምንት። እንደ ሰዓት ነሽ።"

"ተራዬስ?"

"በየአራት ሳ..."

አንድ ባንድ ምልክት አደረገች። ሚስቴ በየሃያ ስምንት ቀኑ ትዞራለች፤ በየሃያ ስምንት ቀኑም ትመጣለች፤ የምትመጣውም ሁልጊዜ ፅንስ የሚያዝበት ጊዜ ካለፈ አሥር ቀን ሲሆነው ነው። እሷ የደጋውን ሴት ሁሉ ቀን አቆጣጠር የምታስተምር ነርስ፤ እኔ ከላይ የነገርኳችሁ ባዮሎጂ። ተያይተን መሬቱ ላይ ቁጭ አልን። ሳቅን ይሁን አለቀስን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀሪው ነገር ተራ መቀያየር ነው፤ ለዚያም ፎርም አለ። ፎርሙ ላይ "ምክንያት" የሚል ቦታ አለ፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ጎበዜ የሚቀበሉት ሕመም፣ ሠርግና ለቅሶ ብቻ ነው። ለወሊድ ፈቃድ አለ፤ ወሊዱ ከየት እንደሚመጣ ግን ያሰበ የለም። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ዓለም ለሄደ ሰው ሦስት ቀን ይሰጣል፣ ለሚመጣው ግን አንዲት መስመር አልተወም። ሰናይት እውነቱን ትጻፈው? ቀኑን ቆጠረችና "አክስቴ ወይዘሮ ትርንጎ ስላረፉ" ብላ ጻፈች።

ሰናይት ትርንጎ የምትባል አክስት ኖራት አታውቅም።

ባልደረቦቿ አፅናንተው ሸኟት። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ሳያት እውነት ሰው የሞተ መሰለኝ። "ዝም ብለህ ና" አለችኝ። የሐዘኑን ሦስት ቀን እንደሚገባ ተወጣን።

የጋሽ ዳና ላም ጥጃዋን በወለደች በሁለተኛው ወር ሰናይት ሴት ልጅ ተገላገለች። አቶ ጎበዜ ባልደረቦቿን አስከትለው አራስ ሊጠይቁ ወረዱ። ሕፃኗን አቅፈው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለካ ደግ ሰው ናቸው። "አየሽ ሲስተር፣ እግዜር የአክስትሽን ምትክ ሰጠሽ። ስማቸውን አውጪላት" አሉ። እናቴ ከደብረ ታቦር መጥታ አጠገባቸው ተቀምጣለች። "የቷ አክስት?" ስትል ሰናይት ትራሱ ውስጥ ተቀበረች። እኔ ምን ልበል? "ጥሩ ሐሳብ ነው" አልኩ።

አሁን ትርንጎ ስድስተኛ ክፍል ናት። ጓደኞቿ ሁሉ ሶልያናና ማርሲላስ ናቸው፤ ይህ የአሮጊት ስም ከየት እንደመጣባት ሊገባት አልቻለም። ባለፈው ሳምንት ፊቴ ቆመችና "አባዬ፣ ሴትዮዋ ባትሞት ኖሮ ስሜ ማን ይሆን ነበር?" አለችኝ። ሴትዮዋ ባትሞት ኖሮ አንቺስ የት ነበርሽ፣ ልላት አልኩና ተውኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምዕራፉ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ራስሽ አንብቢው" አልኳት።