ለኒሃል ሲባል ዝም ያለው ሕንጻ

የሰው ልጅ ታሪክ ብዙ ታላላቅ ዝምታዎችን መዝግቧል። ይሁን እንጂ በጣንታ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የሚገኘው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንጻችን ለአሥር ወራት ያሳየውን ዝምታ የሚስተካከል እስካሁን አልተገኘም፤ የፈለገም የለም። የሕንጻው ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ እንደመሆኔ መጠን ይህን ገድል ለትውልድ የማስተላለፍ ከባድ ኃላፊነት በእኔ ትከሻ ላይ ወድቋል። በማኅበሩ ውስጥ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ያለኝም እኔ ብቻ ነኝ።

የነገሩ መነሻ ኒሃል ናት። ኒሃል የሦስተኛ ፎቁ የኡስታዝ ዋጊህ (ኡስታዝ በእኛ ዘንድ አቶ ማለት ነው) ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት ነው፤ ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ተፈታኝ ነበረች። በእኛ አገር አንድ ቤት ተፈታኝ ካለው፣ በሽተኛም ሐዘንም ጦርነትም በአንድ ጊዜ ገብቶበታል ማለት ነው። እንግዳ አይመጣም፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ እናት ሽንኩርት ባትከትፍም ታለቅሳለች፣ አባት ልጁን ነጭ ጋውን አልብሶ በሕልሙ ያያታል። ኡስታዝ ዋጊህ በመስኖ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ቦይ ሲጽፉ ኖረው ከቦይ የተሻለ ነገር ለልጃቸው ቢመኙ አይፈረድባቸውም።

በመስከረም ወር የማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ በደረጃው ላይ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ጡረተኛው ብርጋዴር ሙክታር ከሁላችን ሁለት ደረጃ ከፍ ብለው ቆሙ።

"የኒሃል ነጥብ የሁላችን ነጥብ ነው!" አሉ። "ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሕንጻ ውስጥ ድምፅ ማሰማት እንደ ክህደት ይቆጠራል። ጥያቄ ያለው?"

ሁላችን ታንት፣ ማለትም አክስቴ፣ የምንላቸው የሁለተኛ ፎቋ ኢንሻራህ እጃቸውን አወጡ። "ማስነጠስስ?"

"ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ አይቻልም።"

"ማስነጠስ እኮ ሰዓት አይጠብቅም፣ ክቡር ብርጋዴር።"

"እንግዲያው መንገድ ተሻግረው ያስነጥሱ!"

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ፣ ማለትም ያለ ምንም ድምፅ፣ ጸደቀ። በዚያው ዕለት የልጅቷን ትኩረት የሚበትኑ ቁሳቁሶች በቃለ ጉባኤ ተመዝግበው ከክፍሏ እንዲወጡ ተደረገ። መዝጋቢው እኔ ነበርኩ፦ አንድ የጌም መጫወቻ ከነሁለት እጀታው፣ ሠላሳ አራት የካርቱን መጽሐፍ፣ ክሩ የላላ ጊታር አንድ። ለጥናት ብለው የገዙላትን ታብሌት ግን ተዉላት። በታብሌቱ ውስጥ ከሠላሳ አራት በላይ መጽሐፍ፣ ከአንድ በላይ ጌም እና የጣንታን የሠርግ ቤት ሁሉ የሚያስንቅ ሙዚቃ ሊኖር እንደሚችል ለማኅበሩ የነገረው አልነበረም። እኔ እጠረጥር ነበር፤ ግን ያልተጠየቅሁትን በቃለ ጉባኤ ማስገባት አልወድም።

ዝምታው እንዲህ ተጀመረ። ጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በቁልፍ እየመታ በመንገዳችን እንዳያልፍ ተከለከለ፤ ጋዝ ያለቀበት ሁሉ ከመንደሩ ጫፍ ድረስ ሄዶ በእጁ ምልክት ይጠራው ጀመር። አሳንሰሩ አምስተኛው ፎቅ ሲደርስ ስለሚያቃስት ተዘጋ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የታንት ኢንሻራህ ልጅ ሠርግ ነው። ቀኑ ሊዘገይ ስላልቻለ በማኅበሩ ልዩ ፈቃድ በጸጥታ ተከናወነ። ከበሮ መቺዎቹ ከበሯቸውን ታቅፈው በጣታቸው ጫፍ ወጡ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን እያርገበገቡ ድምፅ አልባ እልልታ አሰሙ፤ ወይም አላሰሙም። ሙሽራው ሚስት ያገባ ሳይሆን ሬሳ ያጀበ መስሎ ደረጃውን ወረደ። ታንት ኢንሻራህ በዚያ ቀን አንድም ጊዜ ሳይጨፍሩ ዋሉ፤ እንባቸውን እንኳ በመሐረብ አፍነው ነበር የሚያወጡት።

በዚያች ሰዓት በሕንጻው ውስጥ የሚደሰት አንድ ሰው ነበር። ኒሃል ኤርፎኗን ሰክታ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ከኬሚስትሪ መጽሐፏ ጀርባ ዘንዶ እየገደለች ነበር።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። በየቀኑ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ለሩብ ሰዓት ያህል ለኦክስጅን ተብሎ ጣሪያ ላይ እንድትወጣ ይፈቀድላታል፤ እኔም እርግቦቼን የምመግበው በዚያ ሰዓት ነው። አንድ ቀን የፊዚክስ ደብተሯን ገልብጣ አሳየችኝ። ሕንጻው በሙሉ በካርቱን ተስሏል። ብርጋዴሩ ለምታስነጥስ ድመት የፍርድ ቤት መጥሪያ ይሰጣሉ። እኔን ኤሊ አድርጋኛለች። እስክሪብቶዬን ግን በጣም አሳምራ ስለሳለችው ቅር አላለኝም።

"አሞ ፉአድ፣ ሚስጥር ይጠብቃሉ?" አለችኝ፤ አሞ ማለት አጎቴ ነው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ከእኔ ዘንድ የጠፋ ወረቀት እንጂ የወጣ ወረቀት የለም።"

"ከመቶ ሰማንያ ስምንት ነው የማመጣው።"

"ምነው እንዲህ ዝቅ አደረግሽው? አስተማሪዎችሽ ዘጠና አምስት ይሉ የለም እንዴ?"

"አውቄ ነዋ! ከሰማንያ አምስት ካነስኩ አባባ ይሞታል። ከዘጠና ሁለት ተኩል ከበለጥኩ ደግሞ እኔ እሞታለሁ። ሕክምና ያስገቡኛላ!"

"አልፈልግም በያቸው።"

ሳቀችብኝ። ልክ ነበረች። በእኛ ዘንድ ነጥብ ማለት ምግብ ነው፤ አይደፋም። ለሕክምና የሚበቃ ነጥብ ይዞ ሌላ ኮሌጅ መግባት ሙሉ ጠቦት ጠብሶ ለውሻ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ሰዎች በመንገድ ላይ እያስቆሙ "ወይኔ ነጥቡን!" ይላሉ።

"እኔ እስክንድርያ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገብቼ የካርቱን መጽሐፍ ነው መሥራት የምፈልገው" አለች። "ደም ሳይ ያዞረኛል እኮ፣ አሞ ፉአድ። ጌም ላይ ካልሆነ።"

"ታዲያ እንዴት ብለሽ ነው በልክ የምትወድቂው?"

"ፊዚክስ ላይ ስምንት ጥያቄ እስታለሁ። ከባድ ከባዶቹን መርጬ። ቀላል ከሳትኩ ይነቁብኛል።"

እውነቱን ለመናገር ልጅቷን አከበርኳት። መቶ ለማምጣት የምትችለውን ሁሉ መሥራት ይበቃል፤ በትክክል ሰማንያ ስምንት ለማምጣት ግን የቱ ልክ የቱ ስህተት እንደሆነ አንድም ሳይቀር ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህም ኒሃል ዘንዶ ከምትገድልበት ሰዓት በተረፈው ጊዜ፣ ለመውደቅ ስትል፣ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ አብልጣ አጠናች።

የፊዚክስ ፈተና ቀን ደረሰ። የሕንጻው ነዋሪ በሙሉ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተኮልኩሎ ጠበቀ። በዚያን ቀን ጥያቄው ከብዶ ኖሮ ተማሪው ሁሉ እያለቀሰ ወጣ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ብቻ ፊቷ በርቶ፣ የሆነ ዜማ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች መጣች።

"ልጄ አበደችብኝ!" ብላ እናቷ ጮኸች።

"ስንት ሳትሽ?" አሉ ኡስታዝ ዋጊህ።

"ስምንት ብቻ።"

ኡስታዝ ዋጊህ ወንበር ፍለጋ ወደ ኋላቸው ዳበሱ፤ ወንበሩ ላይ ታንት ኢንሻራህ ስለነበሩ እሳቸው ላይ ተቀመጡ። ብርጋዴሩ በአሥር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ።

"ይህ በሕንጻችን ላይ የተቃጣ ጥቃት ነው! ኡስታዝ ፉአድ፣ ብዕርህን አንሳና አቤቱታ ጻፍ!"

"አባባ፣ ተዉት፣ ምንም አይደል፤ ያመጣሁት ይበቃኛል" አለች ኒሃል፣ ፊቷ ድንገት ነጭ ሆኖ።

"አያችሁ ትሕትናዋን!" አሉ ብርጋዴሩ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ለእንዲህ ያለች ልጅ ነው መሞት!"

ኒሃል ዞራ እኔን አየችኝ። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ "አይዞሽ፣ አቤቱታ እኮ አይነበብም" አልኳት። ከልቤ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ስንት ሺህ አቤቱታ በእጄ አልፏል፤ አንዱም ሲነበብ አላየሁም። ስለዚህ ያለ አንዳች ሥጋት ጻፍኩ፤ ያለ ሥጋት ሲጻፍ ደግሞ ብዕር ይከፈታል። "የሕፃናቱ እንባ ገና አልደረቀም፤ የተጠየቁት ሊቃውንት ያልደፈሩትን፣ ጠፈር የደረሱትም ያልደረሱበትን ነው" ብዬ ጀመርኩ። የስምንቱን ጥያቄዎች ቁጥር አባቷ አንድ በአንድ ከአፏ ተቀብለው አስጻፉኝ። መጨረሻ ላይ "አንጀት ያለው ይፍረድ" የሚለውን ሳነብላቸው ሸንጎው ሁሉ አለቀሰ። እኔም ትንሽ አለቀስኩ፤ በጣም ቆንጆ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሕንጻው በኩራት ይተርካል። ሦስት ቀን ሙሉ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰለፍን። ከጎረቤት ሕንጻዎች፣ ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላም ከተማ ወላጅ ጎረፈ። ብርጋዴሩ በድምፅ ማጉያ አቤቱታዬን ደጋግመው አነበቡት። ልጆች ቃሉን በቃላቸው ያዙት። በአራተኛው ቀን ከላይ ውሳኔ ወረደ፦ ቅሬታ የቀረበባቸው ስምንቱ ጥያቄዎች የተማሪዎቹን አቅም ያላገናዘቡ መሆናቸው ስለታመነበት፣ የመለሰም ያልመለሰም ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

ኒሃል ዘጠና ሦስት አመጣች።

አሥር ወር የታፈነ እልልታ በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሽርቤት የሚባለው ቀይ ጣፋጭ መጠጥ በባልዲ ተበጥብጦ ለመንገደኛ ሁሉ ታደለ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር ኒሃል በአራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። አላፊ አግዳሚው "የደስታ እንባ!" እያለ ጭንቅላቷን ይስማል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አይነበብም ብለውኝ ነበር" አለችኝ።

በጣም አፈርኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት አንድ ነገር ቢሰምር የሰመረው በዚህች ልጅ ላይ ነው። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ከአፌ የወጣው "ሁሉም ወዶት ነበር እኮ" የሚል ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት የእነኒሃል ቤት ደወል ተደወለ። ታንት ኢንሻራህ ናቸው፤ የጉልበታቸውን ራጅ ይዘዋል።

"ዶክቶራ፣ እስቲ ይህን እይልኝ።"

"ታንት፣ እኔ እኮ ኮሌጅ እንኳ አልተመዘገብኩም! የማውቀው የእንቁራሪት ሆድ ብቻ ነው።"

"የኔም ከሱ አይሻልም፤ እይልኝ የኔ ዶክቶራ።"

ከኋላቸው ብርጋዴሩ እንቅልፍ አጣሁ ብለው ቆመዋል። ከሳቸው ኋላ የስድስተኛ ፎቁ ፋርማሲስት አለ፤ አዎ፣ ፋርማሲስቱ፣ ለጨጓራው። እስከ ምሳ ሰዓት ሰልፉ እስከ ምድር ቤት ደረሰ። ኒሃል መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ለመነች፣ በመጨረሻ ራጁን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አቅንታ አየችው። ገልብጣ ነበር የያዘችው።

"ታንት፣ ጉልበትዎን ያሳመመዎት በልጅዎ ሠርግ አለመጨፈርዎ ነው። ሙዚቃ ከፍ ተደርጎ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።"

"ውይ፣ እጅሽን ይባርክልኝ! ስንት ሐኪም ዞሬ ማንም አላወቀልኝም!"

ለብርጋዴሩ ከምሳ በኋላ ከመተኛታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት የመኪና ውድድር ጌም አዘዘችላቸው። ለፋርማሲስቱ ሁለት የካርቱን መጽሐፍ፤ በባዶ ሆድ። አንድም ሰው አልተከራከራትም። ከሰዓት በኋላ ከሁለተኛው ፎቅ ከበሮ ይሰማ ጀመር፤ ብርጋዴሩም ለመጀመሪያ ጊዜ በፈገግታ "ተገልብጬ ደቀቅሁ!" እያሉ ሲጮኹ ሰማናቸው። ዓመቱን ሙሉ መርዝ ነው የተባለው ሁሉ መድኃኒት ሆነ፤ የሰፈር ሰው በደስታ ዋጠው።

ኒሃል ይህን ስታይ ዓይኗ በራ። ተስፋ ሲገባት አየሁ፤ እኔም ከሷ ጋር ተስፋ አደረግሁ። ከወንበሯ ተነሥታ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ በር ላይ ተራ ወደሚያስከብሩት አባቷ ሄደች።

"አባባ፣ ሕክምና አልገባም። እኔን የሚሻለኝ ሥዕል ነው፤ እስክንድርያ ነው የምማረው።"

ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጠጋ። የታንት ኢንሻራህ ከበሮ እንኳ ቆመ።

"ዝም በይ!" አሉ ኡስታዝ ዋጊህ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ። "አንቺ ገና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነሽ። የሚሻለውንና የማይሻለውን በምን ታውቂያለሽ?"

ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ ልክ ናቸው አለ። ኡስታዝ ዋጊህም ንዴቱ የደም ግፊታቸውን እንዳስነሳው ስለተሰማቸው፣ ወረፋቸውን ሳይጠብቁ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የሚሻላቸውን እንድታዝዝላቸው ክንዳቸውን ዘረጉላት።